የጊዛው ቅርፊት

ናዝሬት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሐዲስ ኃይለየሱስ፤ ድሬስደን

ልጄ ሐዲስ፣ ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝህ። የአገሩን ብርድ የሚችል አካል፣ የሰዉን ጠባይ የሚችል ትዕግሥት ይስጥህ። እናትህ አሳየች ወንጂ ደህና ናት፤ ባለፈው እሑድ ጠይቄያት ተመልሻለሁ። የጉልበቷ ሕመም እንደዚያው ነው፤ አልባሰባትም፣ አልተሻላትም። እኔም ጡረታ ብወጣም ጠመኔ አልጣልኩም፤ በየማኅበሩ እየዞርኩ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ።

ሰላምታው በዚህ ይብቃና ወደ ተነሣሁበት ልግባ። ነገሩ ስለ እህትህ ስለ ተሻለች ነው።

እንደምታውቀው ተሻለች እኔ ቤት እየኖረች በኅብረት የብረታ ብረት ሥራ ማኅበር፣ ብረት እያዞሩ በሚላጩበት ቶርኖ ላይ ትሠራለች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ማኅበሩ ከዝዋይ እስከ ቡልቡላ ላሉ አምራች ገበሬዎች ከሐይቅ ውሃ የሚስብ ፓምፕ እንዲሠራ ታዟል። የፓምፑ ቤት፣ ውጪው አካሉ፣ ጊዛ የሚሉት ቀልጦ የሚፈስ ብረት ነው። ጓሮ ውስጥ አቶ ራህመቶ የሚባል ሰው አሮጌ የመኪና ሞተር እየሰባበረ ያቀልጥና በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ያፈሰዋል። ከዚያ ሻካራውን ፊት በቶርኖ ላጭታ፣ ቀዳዳውን አስፍታ፣ ክዳን እንዲገጥምለት የምታደርገው ተሻለች ናት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቪዲያ የሚሏት፣ ከውጭ በምንዛሪ የምትገባው ጠንካራ ስለት ጊዛው ላይ ስታርፍ ጫፏ ይሸረፋል። የዓመቱ ድርሻ ገና በጥቅምት ሊያልቅ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። እኔም አስተማሪያቸው ስለሆንኩ ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ወልደአማኑኤል ተነሥቶ፣

«ሌሎቹ ሁለት ጓዶችም ቶርኖ ላይ ናቸው፤ የማንም ስለት አልተሰበረም። የአንቺ ብቻ ለምን?» አላት።

«እነሱ የጋሪ አክሰል ነው የሚሠሩት፤ ለስላሳ ብረት ነው። የኔ ጊዛ ነው።»

«ብረት ብረት ነው ጓዲት።»

«እንግዲያው እንቀያየር።»

ከወንዶቹ አንዱ «ማማሰያ የለመደ እጅ!» ብሎ ቢያሾፍ፣ «ያንተ ሚስት ማማሰያ ትሰብራለች እንዴ?» አለችው። ቤቱ ሳቀ። ወልደአማኑኤል ግን አልሳቀም። ፓምፖቹ ለወዝ አደሮች ቀን መድረስ አለባቸው፤ እስከዚያ ስብራቱ ካልቆመ የተሻለች ጉዳይ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብሎ ወደ በላይ አካል ይተላለፋል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ይህ ቃል ስሙ ላይ ከተጻፈ በኋላ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አላየሁም። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ለእናትህም አልነገርኩም።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሒሳብ በማስተማር ነው፤ ብረት አላውቅም። አንተ የምትማረው ግን ይህንኑ ነው። ጊዛ በምን ፍጥነት ይቆረጣል? ዕቃው አንድ ዙር ሲዞር ስለቱ ምን ያህል ይራመድ? ምን ያህልስ ጠልቆ ይግባ? ካወቅኸው ጻፍልኝ፤ ካላወቅኸው ጠይቅ። አላውቅም ማለት ነውር የለውም፤ ነውሩ ሳያውቁ መመለስ ነው።

አጎትህ አምባዬ ገሠሠ


ድሬስደን፣ ኅዳር 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ አምባዬ

ጋሼ፣ ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት። ተሻለችን በእኔ ስም አይዞሽ ይበሉልኝ። ስለ ማማሰያው የመለሰችውን ሳነብ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፏን ትንሽ ብትቆጥብ ብዬ ተመኘሁ። ቢነግሯትም አትሰማም እንጂ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ጊዛ እንደ ለስላሳ ብረት እየተጠቀለለ አይወጣም፤ ይፈረፈራል። በውስጡ እርሳስ የሚሠራበት ዓይነት ጥቁር ነገር ስላለ ራሱን በራሱ ያለሰልሳል። ስለዚህ ተሻለች እንደ ሌሎቹ የሳሙና ውሃ እያፈሰሰች ከሆነ ታቁም። ብናኙ በውሃው ጭቃ ይሆንና ስለቱን ይበላዋል፤ የጋለውን ስለት በድንገት ማቀዝቀዝም ይሰነጥቀዋል።

ሁለተኛ፣ ስለቱ የተበየደበትን እጀታ ጫፍ ይዩልኝ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ለለስላሳ ብረት ነው፤ ለጊዛ የሚሆነው ቀዩ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ምክንያቱን አገኘነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። የማሽኑ ዙር ብቻውን ምንም አይናገርም። ዕቃው በሰፋ ቁጥር ጠርዙ በስለቱ ፊት የሚሮጠው መንገድ ይረዝማል። ጠርዙ በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሮጥ ያስሉልኝ፤ ከመቶ ሜትር ካለፈ ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዛ በዝቷል። ይህንን ለእርስዎ ማስረዳቴ ድፍረት ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳይለውጡ፣ አንዱን እየለወጡ ሌላውን እንዲያቆዩ መንገር ደግሞ የባሰ ድፍረት ነው፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና።

እኔም እዚህ የትምህርት ቤቱ ማሽን ላይ የእናንተን የመሰለ ሻካራ ጊዛ አግኝቼ ልሞክር አስቤአለሁ። መጽሐፍ የሚለውና ብረቱ የሚለው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ለእናቴ እንዳይነግሯት። እኔም ስጽፍላት ስለ በረዶ ብቻ ነው የማወራው።

ልጅዎ ሐዲስ


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ ሐዲስ፣ የልደት በዓል በአንተም ዘንድ በሰላም ይግባ። በዚያ አገር በዓሉ ቀድሞ እንዳለፈ አውቃለሁ፤ አንተ ግን የኛን አክብር።

የጠየቅኸኝን በተራ እመልሳለሁ። ቀለሙ ቀይ ነው። ገና ሳየው ቅር አለኝ፤ ምክንያቱን አገኘን ለማለት ቸኩዬ ነበርና። የሳሙናውን ውሃ አስቁመናል። አሁን ጥቁር ብናኝ እየተነሣ ተሻለች ከሥራ ስትመለስ ከሰል ነጋዴ ትመስላለች፤ ስለቱ ግን ትንሽ ዕድሜ ጨመረ። ፍጥነቱን አሰላሁት። የፓምፑ ፊት ሰፊ ስለሆነ ጠርዙ በደቂቃ ከመቶ ሠላሳ ሜትር በላይ ይሮጥ ኖሯል። የአክሰል ሠራተኞች በፈረቃቸው ማሽኑን ያቆዩበትን ዙር ተሻለች ሳትለውጥ ነው የምትጀምረው፤ አክሰል ቀጭን ነው፣ ዙሩ ለእሱ ልክ ነው። ወደ ሰማንያ አወረድነው፤ ተሻሻለ። ወደ ስልሳ አወረድነው፤ የበለጠ ተሻሻለ። ወደ አርባ ስናወርደው ግን ጊዜ ብቻ ጠፋ እንጂ ስለቱ አልተጠቀመም። ዝግታ ሁሉ ደህንነት አይደለም ማለት ነው። ስልሳ ላይ ቆምን።

ይህ ሁሉ ሆኖ ስብራቱ አልቆመም። የሚገርመኝን ልንገርህ። የቀሩት ስለቶች ጥቂት ስለሆኑ ተሻለች ፈራች። በፍርሃቷም ስለቱን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ እያስገባች፣ ደጋግማ መላጨት ጀመረች። እኔም ደግ አደረግሽ አልኳት። ሥራው ሲቀል ስለቱ ሊበረክት ይገባው ነበር። ባሰበት! በስስ ስትላጭ ከወትሮው ቶሎ ይሸረፋል። በሒሳቤ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ የማላውቀው አንድ ነገር አለ።

ወልደአማኑኤል አሁን ስለት የሚሰጣት በፊርማ ነው። የተሰበረውንም ቆጥሮ ይረከባታል። ትናንት «ጓዲት፣ አንቺ ጋ ሲደርስ ሁሉም ነገር ይሰበራል» አላት። እሷም መልስ አልሰጠችውም። መልስ ባለመስጠቷ ነው እኔ የደነገጥኩት።

የሚቻልህ ከሆነ ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ ጥቂት ቀይ ስለት ላክልኝ። ከምንም በላይ ግን ለምን እንደሚሸረፍ ንገረኝ።

አጎትህ አምባዬ


ናዝሬት፣ ጥር 29 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ ሐዲስ፣ ለመሆኑ ደህና ነህ? መልስህን ከጥምቀት ጀምሮ እየጠበቅሁ ነው። ፖስታ ቤት ስመላለስ ሠራተኛዋ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች። ደብዳቤው መንገድ ላይ ቀርቶ እንደሆነ፣ የታኅሣሡን ጥያቄ ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ በስስ ሲላጭ ለምን ይብሳል?

ስለት መላኩ ካስቸገረህ ተወው። ደህና መሆንህን ብቻ ጻፍልኝ። እናትህም ጠየቀችኝ፤ «ፈተና ላይ ነው» አልኳት።

አምባዬ


ድሬስደን፣ የካቲት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ስላስጨነቅሁዎ ይቅር ይበሉኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል። ደብዳቤውን ሳላነብ ስለቆየሁ ለመልሱም ዘገየሁ።

የስስ ነገር እኔም እዚህ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ጊዛ በአሸዋ ውስጥ ሲፈስ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ይበርዳል፤ አሸዋም ይጣበቅበታል። ስለዚህ ፊቱ ላይ ከውስጡ ይልቅ በጣም የጠነከረ ቅርፊት ያበጃል። ተሻለች በስስ ስትላጭ የስለቱ ጫፍ፣ ያው በጣም ደካማው ክፍሉ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚሄደው በዚያ ቅርፊት ውስጥ ነው። ወንጂ ልጆች ሳለን አገዳ ስንልጥ ያስታውሱ እንደሆነ፣ ቢላውን በላይ በላይ የሚያስኬድ ልጅ ቢላው ይዶለዱምበት ነበር። ከልጣጩ በታች አስገብቶ የሚያነሣ ግን በአንድ ጊዜ ይገሸልጠዋል። ይህም እንደዚያ ነው። አትፍሪ ይበሏት፤ ትድፈር። ስለቱን በአንድ ጊዜ ከቅርፊቱ በታች፣ ሦስት ወይም አራት ሚሊሜትር ታስገባው። ጫፉ ለስላሳው ውስጥ ይሆናል፣ ቅርፊቱን የሚያገኘው ወፈር ያለው የስለቱ ትከሻ ነው። ለዚህ ለመጀመሪያው መላጨት ፍጥነቱን ሃምሳ ሜትር ያድርጉት፤ እርምጃውን ግን አይቀንሱት። ቅርፊቱ ከተነሣ በኋላ ለማስተካከያው ወደ ሰማንያ ከፍ አድርጋ በስስ ብትላጭ ምንም አይሆንም።

ይህ የሚሠራው ግን ቅርፊቱ ስስ ሲሆን ነው። ከአራት ሚሊሜትር በላይ ከጠነከረ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያድርጉልኝ። ስለቱ በተሸረፈ ቁጥር ፓምፑ ላይ የተሸረፈበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ከተበላሹትም አንዱን በመዶሻ ይስበሩና ስብራቱን ይዩ። እንደ እርሳስ ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ተሰበረ ስኒ ነጭ ከሆነ፣ እሱን ማንም ስለት አይችለውም።

ስለት ማግኘት አልቻልኩም። ወደ አገር በሚመለስ ልጅ እጅ ግን የሥራ መነጽር ልኬላታለሁ። ተሻለች መነጽር ታደርጋለች? የጊዛ ብናኝ ወደ ላይ ይፈናጠራል። መነጽሩን ሳታደርግ ማሽኑን እንዳታስነሣ። ጋሼ፣ አደራዎን፣ መነጽሩን።

ሐዲስ


ናዝሬት፣ መጋቢት 10 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ ሐዲስ፣ እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጋርድህ። ሥራው ይህን ደብዳቤ ማንበብ የሆነ ሌላ ሰው ካለ፣ ለእርስዎም ጤና ይስጥልኝ፤ እባክዎ ግማሹ ላይ አያቁሙ፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ያልኸውን አደረግን። ተሻለች የመጀመሪያውን በሦስት ሚሊሜትር ተኩል ልታስገባ ስትል ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ይህቺ ከተሰበረች የቀሩኝ አራት ብቻ ናቸው» አለችኝ። «ግቢ» አልኳት። ገባች። ድምፁ ተለወጠ፤ ጩኸቱ ቀርቶ እንደ ወፍጮ ጎረምረም እያለ ሄደ፣ ብናኙም እንደ ጥቁር በርበሬ ወረደ። የፊቱን ሁለት እጅ ያህል ያለ ችግር ላጨች። ከዚያ አንድ ቦታ ሲደርስ ቀጭ!

በጠመኔ ምልክት አደረግን። በሌላውም እንደዚያው። ሦስት አራቱን ጎን ለጎን አቁመን ስናይ፣ ምልክቱ ሁሉም ላይ ያረፈው አንድ ቦታ ነው፤ ክዳኑ በቡሎን የሚታሰርበት ከንፈር ላይ። ከተበላሹት አንዱን በመዶሻ ሰበርን። መሐሉ ግራጫ ነው፤ እጅ ያጠቁራል። ከንፈሩ ግን እስከ ውስጥ ድረስ ነጭ ነው፣ ልክ እንደ ተሰበረ ስኒ። ሞረድ ብትስብበት ይንሸራተታል።

ይህ ነጭ ከየት መጣ ብዬ ጓሮ ወርጄ አቶ ራህመቶ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊደል ተማሪዎቼ ሁሉ የማያረፍድ እሱ ነው። ያቀለጠውን አፈሰሰ። ትንሽ ቆይቶ ቅርጹን ሰበረና ፓምፑን ገና ቀይ ሳለ አወጣው። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አምጥቶ ከንፈሩን ጠቀለለው። እንፋሎቱ ሁለታችንንም ሸፈነን።

«ጋሽ ራህመቶ፣ ጆንያው ለምንድን ነው?»

«ላጠጣው ነዋ!»

«ማንን?»

«ብረቱን! መምህር፣ ትኩስ ሳለ ውሃ ያልጠጣ ብረት ልፍስፍስ ነው። አባቴ ማረሻ ሲያጠጣ ከሦስት ወረዳ ይመጡበት ነበር።»

«ከንፈሩን ብቻስ ለምን?»

«ቡሎኑ የሚጠብቀው እዚያ አይደል? ገበሬ ቁልፍ ሲይዝ በሬ እንደ መጎተት ነው። እንዳይሰነጥቀው ብዬ።» ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ «ማንም አላዘዘኝም። ለነዚያ ሰዎች ብዬ በራሴ ነው የምደክመው» አለኝ።

ምን ልበለው? ማረሻ እንደዚያ ነው የሚጠነክር፤ አልተሳሳተም። ጊዛ ግን ማረሻ አይደለም። ነገሩን ቀስ ብዬ አስረዳሁት፤ የሰበርነውንም አሳየሁት። ነጩን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ አሻሸው። በማግስቱ አንዱን ያለ ጆንያ፣ በአሸዋው ውስጥ እስኪበርድ አሳደረው። ተሻለች ላጨችው። ከንፈሩ ላይ ስንደርስ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። አለፈ። ሌላም አስከተለች፤ ሌላም። ስለቷ ያው ናት።

እልል ማለት የሚገባን ቀን ነበር። ግን ስማ፤ ወልደአማኑኤል የስለት መቀበያውን አይቶ ጠራት። «ለሁለት ሳምንት አንድም ስለት አልሰበርሽም» አላት። «አዎ» አለችው ደስ ብሏት። «ማስጠንቀቂያ ሲሰጥሽ ስብራቱ ቆመ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሆን ብለሽ ነበር ማለት ነዋ» አላት።

መዳኛዋ መክሰሻዋ ሆነ። ለሚያዝያ አጋማሽ ስብሰባ ተጠርቷል። ምክንያቱን ካልተናገርን ተሻለች ትጠፋለች። ከተናገርን ደግሞ ያ ቃል ከእሷ ላይ ተነሥቶ ራህመቶ ላይ ያርፋል፤ ለገበሬው ብሎ የደከመ ሰው ላይ። አንዱን ከእሳት አውጥቼ ሌላውን መክተት አልፈልግም። ደግሞም ራህመቶ ውሃ ያጠጣቸው ብዙ ፓምፖች ተከምረዋል፤ እነሱስ ይጣሉ?

በመጨረሻም ስለ አንተ። በአንድ ደብዳቤ ስለ መነጽር አራት ጊዜ ጻፍክ። ፊደልህ ከወትሮው እጥፍ አድጓል፤ መስመሩም ወደ ታች ይንሸራተታል። እኔ ያስተማርኩት እጅ ነው፤ አውቀዋለሁ። ዐይንህ ምን ሆነ?

አጎትህ አምባዬ


ድሬስደን፣ መጋቢት 29 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አምባዬ

ጋሼ፣ ከእርስዎ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ መርሳቴ ሞኝነት ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሻካራ ጊዛ አግኝቼ በስስ እየላጨሁ ስሞክር የብረት ስባሪ ቀኝ ዐይኔ ገባ። መነጽሩን ግንባሬ ላይ ሰቅዬው ነበር። ሆስፒታል ተኛሁ፤ ሁለቱም ዐይኔ ተሸፍኖ ስለነበር ደብዳቤዎን የሚያነብልኝ አልነበረም፤ እዚህ ፊደላችንን የሚያውቅ ማን አለ? ያልጻፍኩልዎ የእርስዎን የጥቅምቱን ጥያቄ ስሞክር የደረሰ ነው ብለው እንዳያዝኑ ነው። ጥያቄው ባይኖርም ያው ማሽን ላይ ነበርኩ። ባለፈው ሰኞ ሐኪሙ የመጨረሻውን ፋሻ ፈታ። ትንሹን ፊደል እስከ ታች አነበብኩለት። የዛሬውን ጽሕፈቴን አይተው ይፍረዱ።

አሁን ስለ ፓምፖቹ። አይጣሉም። ከንፈራቸው የነጣውን ራህመቶ መልሶ በምድጃ ደማቅ ቀይ እስኪሆኑ ያግላቸው፤ በዚያው ሙቀት ጥቂት ሰዓት ያቆያቸው፤ ከዚያ በአመድ ቀብሮ ቀስ ብለው ይብረዱ። ነጩ ወደ ግራጫው ይመለሳል። መጀመሪያ በአንዱ ይሞክሩት።

ስለ ስብሰባው እኔ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ወልደአማኑኤል በወሬ አያምንም፤ በዐይኑ ይይ። ውሃ የጠጣውንና ያልጠጣውን ፓምፕ እሱ ራሱ ይምረጥ፤ ዐይኑ እያየ በአንድ ስለት ይላጩ። ራህመቶንም ሳያማክሩት እንዳይገቡ። ሰው ስለ ራሱ ሥራ ከሌላ አፍ መስማት ይከብደዋል።

ተሻለች መነጽሩን አደረገች?

ልጅዎ ሐዲስ


ናዝሬት፣ ግንቦት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ ሐዲስ፣ ዐይንህን የመለሰልህ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ፊደልህን አይቻለሁ፤ «ጨ» አሁንም እንደ ልጅነትህ ትንጋደዳለች፣ የቀረው ግን ደህና ነው። አዝኛለሁ፣ አላዘንኩም አልልህም። ደግሞም ደስ ብሎኛል። ሁለቱም በአንድ ቀን ይሆናል ለካ።

አሁን ሁሉን በተራ ልንገርህ። ደብዳቤህ ከስብሰባው በፊት ደረሰልኝ። ራህመቶን ለብቻው ጠርቼ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነም ጭምር። «ልጅቷ በኔ ውሃ ነው የምትታሰረው?» አለኝ። «አንተም እንድትታሰር አልፈልግም» አልኩት። ተነሥቶ ሄደ። ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ አልተርክልህም።

በስብሰባው ቀን ወልደአማኑኤል ክሱን አነበበ። እኔ እጄን አንሥቼ፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከክምሩ ሁለት ፓምፕ ራስዎ ይምረጡልን፤ አንድ ከድሮው፣ አንድ ከአሁኑ» አልኩ። ፊቱን አጨማዶ ወጣ፤ መረጠ። ማኅበርተኛው በሙሉ ማሽኑን ከበበ። ተሻለች የላክኸውን መነጽር አደረገች። ያ ማማሰያ ያላት ሰውዬ «ፓይለት ሆናለች!» አለ። «ተሳፈር፣ ቡልቡላ ላድርስህ» አለችው። ምላሷ ተመልሷል ብዬ ደስ አለኝ።

አዲሱን አስቀደመች። ስለቷ ከንፈሩን እንደ ቅቤ አለፈችው። ያንኑ ስለት ሳትነቅል አሮጌውን አሰረች፤ ያው ፍጥነት፣ ያው እርምጃ፣ ያው ጥልቀት። ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ጮኸ፤ ሁሉም ወደ ኋላ አለ፤ ስለቷ ተሸረፈች። ወልደአማኑኤል ስባሪዋን ከመሬት አንሥቶ አያት። «አንድ እጅ፣ አንድ ስለት። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለ።

አፌን ልከፍት ስል ራህመቶ ከኋላ መጣ። እርጥብ ጆንያውን ይዞ ነበር።

«ልዩነቱ እኔ ነኝ» አለ። «ይሄን ውሃ አጠጥቼዋለሁ። ማረሻ እንደሚጠጣው። እንዲጠነክር ብዬ ነው፤ ከመጠን በላይ ጠነከረ። አሻጥር ከሆነ የኔ ነው፣ ልጅቱን ልቀቋት።»

ማንም ማንንም አላየም። የተሸረፈችው ስለት አሁንም ወልደአማኑኤል መዳፍ ላይ ናት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረ፤ ድምፁም የሊቀ መንበር ድምፅ አልነበረም። «የአባቴን ማረሻ የሠራ ባለእጅ እንደዚሁ ነበር የሚያደርግ። ሲያጠጣው እኔ ነበርኩ ውሃ የምቀዳለት» አለ። ወደ ጸሐፊው ዞረና፣ «ያንን ቃል ሰርዝ። የአሠራር ጉድለት በል። ማኅበሩ በራሱ ጥናት ደርሶበት አርሞታል በል» አለው።

«በራሱ ጥናት» ሲል ተሻለች ወደ እኔ ዞራ ዐይኗን አፈጠጠች፤ እኔም በዐይኔ ዝም በይ አልኳት። ምስጋናውን ማኅበሩ ይውሰደው። ቃሉ ሲሰረዝ የቆምኩት ከጸሐፊው ጀርባ ነበር፤ መስመሩ ሁለት ጊዜ መሰመሩን አይቻለሁ። እቤት ስንገባ ተሻለች ጫማዋን ሳታወልቅ ተኝታ እስከ ማግስቱ ከሰዓት አልተነሣችም። ለእናትህም ያን ጊዜ ነገርኳት። መጀመሪያ እኔን ሰደበችኝ፣ ቀጥላ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

የተከመሩትን ራህመቶ በምድጃ አግሎ በአመድ ቀበራቸው። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ተመለሱ። ጆንያውን ግን አልጣለውም፤ ሲያፈስስ ይቀመጥበታል።

ለወዝ አደሮች ቀን የመጀመሪያዎቹን ፓምፖች ይዘን አዳሚ ቱሉ ወረድን። ራህመቶ ጋቢና ተቀመጠ፤ ተሻለች፣ ወልደአማኑኤልና እኔ ከኋላ ፓምፖቹ ላይ ነበርን። አቧራው አራታችንንም አንድ ዓይነት አደረገን። ሞተሩ ተነሥቶ ቧንቧው ሁለት ሦስቴ ካሳለ በኋላ ውሃው ቦዩ ውስጥ ገባ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ልጆቹ ልብሳቸውን አውልቀው ዘለሉበት። ከገበሬዎቹ ኦቦ ጂብሪል የሚባሉ ሽማግሌ ግን አልጨፈሩም። ቁጢጥ ብለው እጃቸውን የፓምፑ ከንፈር ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«ማነው የሠራው?» አሉ።

ወልደአማኑኤል ጉሮሮውን ጠረገ። የማኅበሩን ስም ሊጠራ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ያፈሰሰው እሱ ነው፤ የላጨችው እሷ ናት» አለ።

ሽማግሌው ቀና ብለው ተሻለችን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ውሃው ጥሩ ነው። ግን ካሁን በፊትም መኪና አመጡልን፣ ሞተር አመጡልን። ሲበላሽ የሠራው ሰው የት ሄደ ብንል የለም ይሉናል። ይሄስ ሲሰበር ማንን እንፈልግ?»

ተሻለች መነጽሩን ከግንባሯ ላይ አውርዳ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«ናዝሬት ኑና ጠይቁኝ፣ አባባ» አለቻቸው። «አለሁ።»

አጎትህ አምባዬ ገሠሠ